ወይዘሮ አመለወርቅ በጓሮ በር

በእንግሊዝ ገጠር፣ ለጎብኚ ክፍት የሆነ የጥንት መኳንንት ቤት፤ ልጃቸውን ምንያህልን ሊጠይቁ ከደሴ የመጡት ወይዘሮ አመለወርቅና የቤቱ አስጎብኚ ዘርፌ በጓሮው በር ቆመዋል።

አመለወርቅ፦ በዚህ አልገባም ብያለሁ። ሌላው ጎብኚ ሁሉ በፊት በር ሲገባ አይቻለሁ።

ዘርፌ፦ እነሱ ሳሎኑን ሊያዩ ነው። እርስዎ ከኩሽናው ይጀምራሉ።

አመለወርቅ፦ ኩሽና ለማየት ነው ባሕር የተሻገርኩት? ጽጌረዳውን አሳዪኝ። ልጄ ምንያህል አትክልቱን አድንቆ አይጠግብም።

ዘርፌ፦ አትክልቱ የትም አይሄድም። ጎንበስ ይበሉ፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው።

አመለወርቅ፦ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። የማን ልጅ ነሽ አንቺ?

ዘርፌ፦ ደሴ፣ እቤትዎ ስንት ዓመት ያበሰልኩልዎት ዘርፌ ነኝ፣ እትዬ።

አመለወርቅ፦ በስመ አብ። ወፍረሻል።

ዘርፌ፦ አሁን ጠግቤ እበላለሁ።

አመለወርቅ፦ እንዴት እዚህ ደረስሽ?

ዘርፌ፦ የተባረረ ሰው መንገድ አያጣም። ቤሩት የሰው ቤት ስጠርግ አሠሪዎቼ ይዘውኝ መጡ።

አመለወርቅ፦ እንግዲህ ያለፈውን እንተወው። ልጅ ነበርሽ፣ እጅሽ አመለጠሽ። እኔም ለፖሊስ አልሰጠሁሽም።

ዘርፌ፦ ቀለበትዎን ሻንጣዬ ውስጥ የከተቱት እርስዎ ነዎት። ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ አይቼዎታለሁ።

አመለወርቅ፦ ታዲያ ምነው ያኔ አልተናገርሽ?

ዘርፌ፦ ለማን? ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው «ሌባ» ሲሉኝ ማን ሊሰማኝ? ምንያህል ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሲመለስ «ሰርቃ ጠፋች» አሉት።

አመለወርቅ፦ እናት ነኝ። ልጄ ገረድ ሲያገባ ቁጭ ብዬ ላይ ነበር?

ዘርፌ፦ ይግቡ። አገልጋዮቹ የሚበሉት እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ያ ደወል ሲጮህ ጉርሳቸውን ጥለው ይሮጡ ነበር። ይቀመጡ።

አመለወርቅ፦ ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል።

ዘርፌ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አመለወርቅ፦ ስሚኝ። ምንያህል ጠዋት ያለፍንባት የገበያ ከተማ አይብ ሊገዛ ሄዷል። ሲመጣ ማን እንደሆንሽ አትንገሪው።

ዘርፌ፦ ብነግረውስ?

አመለወርቅ፦ «ያቺ ሌባ እዚህም ተቀጥራለች» እለዋለሁ። ከእኔና ካንቺ ማንን የሚያምን ይመስልሻል?

ዘርፌ፦ አምና በበጋ እንደማንኛውም ጎብኚ መጥቶ እዚሁ አገኘኝ። ሁሉንም ነግሬዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አይቀርም።

አመለወርቅ፦ ውሸት። ቢያውቅ ያኮርፈኝ ነበር እንጂ ትኬት ቆርጦ አያመጣኝም።

ዘርፌ፦ ትኬቱን ለምን የቆረጠ መሰለዎት? «እናቴ አንቺ ፊት ቆማ እውነቱን ከአፏ ልስማ፤ ከካደች እናት የለኝም» ብሏል። አይብ ሊገዛም አልሄደም። ላይ ሳሎን ተቀምጦ እየጠበቀዎት ነው።

አመለወርቅ፦ ወደ ሳሎኑ መውጫው በየት ነው?

ዘርፌ፦ በዚህ ደረጃ።

አመለወርቅ፦ ይህማ ጨለማ ነው። እጄን ያዢኝ፣ ልጄ።

ዘርፌ፦ ልጅዎ ያለው ላይ ነው። ግድግዳውን ይያዙ።