ከአጥራችን ስር የወጣው ቱቦ

ቡታጅራ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት የክበባችንን ተማሪዎች ይዤ ከሰፈራችን በታች ወዳለችው ጅረት ወረድኩ። ድንጋይ እየገለበጥን ንጹህ ውሃ የሚወዱትን ትንንሽ ነፍሳት ስንፈልግ፣ ከድልድዩ በላይ ሞልተዋል፤ ከድልድዩ በታች ግን አንድም የለም። ቆሻሻው የሚገባበትን ለማግኘት ዳር ዳሩን ስንሄድ ሣር ውስጥ የሳሙና አረፋ የሚተፋ ቱቦ አየን። ተማሪዎቹ "የማን ይሆን?" እያሉ ተከትለውት ሽቅብ ወጡ። እኔም ከኋላቸው። ቱቦው የእኔን ቤት አጥር አልፎ ገባ። ባለቤቴ አምና የቀበረው ነው፤ እኔም ውሃው የት እንደሚሄድ ጠይቄው አላውቅም።

ከተማሪዎቹ መካከል ቤቴን የምታውቀው፣ ያየነውን ሁሉ በደብተር የምትመዘግበው ሐያት ብቻ ናት። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ "ቲቸር፣ ይሄን አልጽፈውም" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአፍታ እፎይ አልኩ። ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ጻፊው። የቲቸር ቤት ብለሽ ጻፊው" አልኳት።

ባለቤቴ "በልጆች ፊት አዋረድሽን" ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። በሦስተኛው ቀን ለፍሳሹ ጓሮ ውስጥ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። እሱ እየቆፈረ ሳለ ጎረቤታችን በአጥር በኩል ብቅ አሉና ጥቂት ካመነቱ በኋላ፣ "የእኛም እኮ ወደዚያው ነው የሚወርደው" አሉ።