ምክር ስሰጥ የተበላ ጋቢ

ጋቢዬን መጋዝ የበላብኝ ስለ ጥንቃቄ ሰው እየመከርኩ ነው። ሞጣ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ። እዚህ ለሚኖር ልጃቸው በር ሊያሠሩ ከቢቸና የመጡ እማማ ጥሩነሽ የሚባሉ ደንበኛ ቆመው እያዩኝ በኤሌክትሪክ መጋዝ ጣውላ ስሰነጥቅ መብራት ጠፋ። ማሽኑን ማጥፋት ማን ትዝ ይለዋል? ብርድ ነበርና ጋቢዬን ደርቤ የመጋዙን ጠረጴዛ ተደገፍኩ። እማማ ወደ መጋዙ ጥርስ ጠጋ ሲሉ፣ "ኧረ ይራቁ! ይሄ እኮ ቀልድ አያውቅም፤ ቀሚስዎን ከያዘ አይለቅም" ብዬ ተቆጣሁ። እሺ ብለው ግድግዳው ጥግ ሄደው ቆሙ። እኔ ግን ምክሩ ጣመኝና ቀጠልኩ።

"እማማ፣ ሰው የሚጎዳው በገዛ ቸልተኝነቱ..." ስል መብራት መጣ። መጋዙ የጋቢዬን ጫፍ ጠቅልሎ በአንገቴ ይጎትተኝ ጀመር። "ይንቀሉት! እማማ ይንቀሉት!" አፍንጫዬ ጥርሱ ላይ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ማሽኑ ቀጥ አለ። ቀና ስል፣ እማማ ከግድግዳው የነቀሉትን ሶኬት በእጃቸው ይዘው በእርጋታ ያዩኛል።

"በል ልጄ፣" አሉኝ፣ "አሁን ምክርህን ቀጥል።"