ከሰበታ እስከ ታላመስ

እስቲ ጫጫታው ይቀነስ! ኦቦ ገመቺስ፣ ዛሬ በጡረታ ሽኝትዎ እኔ ተረፈች ስናገር ቁጭ ብሎ መስማት እንጂ ማረም የለም።

እዚህ ሱሉልታ፣ ጤና ኮሌጃችን ሊያስተምሩ የመጡ ቀን በፌስታል አበባ ጎመን ይዘው ነበር። ጥበቃችን ሐሰን «ኦቦ፣ አትክልት ተራው ከታች ነው» አለዎት። «ልጄ፣ ይሄ ለተማሪ የማሳየው ትንሹ አንጎል ነው» አሉት። ሐሰን ዛሬም አበባ ጎመን አይበላም።

እንቅስቃሴያችንን ከሚመጥነው ከትንሹ አንጎል ተነስቶ፣ ታላመስ የሚባለው የአንጎል መሃል ጣቢያ የሚደርሰውን የነርቭ መንገድ ያልተማረ እዚህ ግቢ ውስጥ ማን አለ? ስብሰባው ስለ ውሃ ታንከር ቢሆን እንኳ ታላመስ ሳይደርሱ አይወርዱም! መንገዱ መሃል ላይ ወደ ማዶ እንደሚሻገር ተማሪው አልይዝ ሲል ሰበታ ካለው ቤትዎ እዚህ በሚመጡበት በራስዎ የታክሲ ጉዞ አስተማሩት። ተማሪያችን አዶናይ ፈተና ላይ ምን ብሎ ጻፈ? «ነርቩ ከሰበታ ይነሳል፣ አዲስ አበባ ላይ ወደ ማዶ ይሻገራል፣ ሱሉልታ ይወርዳል።» እርስዎም ሙሉ ማርክ ሰጥተው «ወራጅ ያልክበትን ፌርማታ ትክክለኛ ስም ግን ጥቀስ» አሉት።

አሁን ቀልዱን ልተወው። ባለቤቴን ወንዳፍራሽን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ዓለም ገና መንገድ ላይ መኪና ገጭቶት ጭንቅላቱ ከተጎዳ በኋላ፣ ጭኑ ላይ ጸጥ የሚለው እጁ ብርጭቆ ሊያነሳ ሲዘረጋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሰፈሩ ሰካራም አለው። ሰርግ ቀረ፣ ለቅሶ ቀረ፣ ሰው ፊት ውሃ መጠጣትም ቀረ። እዚያው ቤቴ ውስጥ ባሌን እያጣሁት ነበር።

አንድ እሁድ መጡልን። ጣትዎን እንዲነካ አደረጉትና «ወንዳፍራሽ፣ እጅህ ጤነኛ ነው። ትንሹ አንጎል ‹ቀስ በል፣ እዚህ ጋ ቁም› እያለ መልእክት የሚልክበት መንገድ ነው የተጎዳው። በዚህ አይታፈርም» አሉት። ይድናል ብለው አልዋሹንም። ክርኑን ጎኑ ላይ አስደግፎ፣ ከበድ ያለ ኩባያ በሁለት እጁ ማንሳትን አለማመዱት። ስንት እሁድ! ጎረቤቱንም ሰብስበው አስረዱልን። እኚህ ሰው የሥራ ባልደረባዬ ናቸው ብዬ በየሄድኩበት እኮራለሁ። ገለቶማ፣ ኦቦ፤ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ጠዋት ወንዳፍራሽ «ጽዋውን የማነሳው እኔ ነኝ» አለኝ። «ቢፈስብህስ?» አልኩት። «ይፍሰስ፤ እሳቸው ፊት አይደል?» አለኝ።

በሉ፣ ሁላችሁም ተነሱ፣ ብርጭቆ ያዙ። ኦቦ ገመቺስ፣ ጡረታዎ የጤና፣ የእንቅልፍና የልጅ ልጅ ይሁንልዎ፤ የታክሲ ሰልፍም ከእንግዲህ አያግኝዎት! ወንዳፍራሽ፣ ና መሃል ቁም። ቀስ ብለህ አንሳ፤ አንቸኩልም።

ከእሱ በፊት ማንም እንዳይቀምስ!