በቀይ እስክሪብቶ የተጠየቀ ድንበር

ኦቦ ሞቱማ በዚያ ሐሙስ ጠዋት ከገፈርሳ በኩል ወደ ቡራዩ ሲወርዱ በካፖርታቸው ውስጥ ደብተር ሸሽገው ነበር። ደብተሩ የልጅ ልጃቸው የጂጂ ነው። ልጅቱ ፊቷን ስትታጠብ ነው ከቦርሳዋ ያወጡት። ሌባ አትበሉብኝ፣ ልጆቼ። ግን ከሁለት ቀን በፊት ገልጠውት ያዩት ነገር እስከዚያ ጠዋት እህል አላስበላቸውም።

ጂጂ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ኮሌጅ ለመግባት የሚያዘጋጀውን የጽሑፍ ኮርስ ቡራዩ ጀምራለች። ይህን ኮርስ ያላለፈ ኮሌጅ አይገባም። በዚያ ሐሙስ የመጀመሪያ ጽሑፏን አስተካክላ፣ «ከተማሪዎች የሚጠበቅ» የሚለውን ወረቀት ደግሞ አሳዳጊዋን አስፈርማ ማስረከብ ነበረባት። ካላስረከበች ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። ከሕፃንነቷ ያሳደጓት ኦቦ ሞቱማ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ሞቼ ነው የምፈርመው ብለዋል።

ለምን ብትሉ፣ ልጅቱ የጻፈችው ስለ ቤታቸው መሬት ነው። በጽሑፉ ዳር ዳር አንድ የማይታወቅ እጅ በቀይ እስክሪብቶ ጥያቄ ደርድሮበታል። «ድንበሩ በትክክል የት ነው?» «ይህን ማን ነገረሽ?» «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» ከግርጌው ደግሞ «አንብቤዋለሁ። ሀሰኖ፣ ከሱሉልታ» ይላል።

በነዚህ ከተሞች ዳር እየኖረ ስለ መሬቱ ድንበር ሲጠየቅ የማይደነግጥ ሽማግሌ ካለ አሳዩኝ። ኦቦ ሞቱማ በመሠረተ ትምህርት ባገኟት ንባብ ፊደል በፊደል እየለቀሙ ሲጨርሱ ሁሉም ነገር የተገለጠላቸው መሰላቸው። ትምህርት ቤት ተብዬው የደላላ ቤት ነው፤ ሀሰኖ ገዢው ነው። እንግዲህ የወረቀቱን ሚስጥር እንዲፈታላቸው ፍርድ ቤቱ አጠገብ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ ወደሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ እየገሰገሱ ነበር።

ታክሲ ተራው ጋ ሲደርሱ ዝናቡ ወረደ። ወደ አንድ የሲሚንቶ መሸጫ በረንዳ ተጠጉ። እዚያ ጃንጥላዋን ነፋስ የገለበጠባት ወጣት ሴት ቆማለች።

«አካም ቡልታን፣ አባቴ?»

«ናጋ፣ ልጄ። ከየት ነሽ?»

«ከሰበታ ነው የምመጣው። ሥራዬ እዚህ ነው።»

ቦርሳዋ በመጽሐፍ ተወጥሯል። የተማረች ናት አሉ በልባቸው፤ ራፖር ጸሐፊው ከሚያስጠብቀኝ ለምን እሷን አልጠይቅም? ደብተሩን አውጥተው የጂጂን ስም በአውራ ጣታቸው ሸፈኑና አንዱን ገጽ ብቻ አሳዩዋት።

«ይቺን ቀይዋን አንብቢልኝ። ይህን የሚጠይቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው?»

ሴትዮዋ አየችው፤ ጎንበስ ብላ ደግማ አየችው። «አባቴ፣ ይህን የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ። የጽሑፍ መምህሯ ትንሣኤ እባላለሁ። እርስዎ የጂጂ አያት ነዎት?»

ደብተሩ ወደ ካፖርቱ ተመለሰ። «ደላላዋ አንቺ ነሻ! እኔ ደግሞ ሱፍ የለበሰ ወንድ ነበር የጠበቅኩት።»

መምህርቷ ሳቋን ዋጠች። በሽማግሌ ፊት መሳቅ ነውር መሆኑን የምታውቅ ልጅ ናት። «ይቆጡኝ፣ ግን ይጠይቁኝም። ከየቱ እንጀምር?»

«ሀሰኖ ማነው? ሱሉልታ ቁጭ ብሎ የኔን መሬት ምን ያነባል?»

«ከጂጂ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ነው። እሱ የሷን ያነባል፣ እሷ የሱን። ያልገባውን ይነግራታል።»

«እሺ፣ ፈርሙ የተባልኩት ወረቀትስ? የተሰረዘውን ወረቀት አትቅደዱ፣ ከነስርዙ አምጡ ይላል። የልጅ ስህተት የሚቀመጠው ለምንድን ነው? ለክስ ነው?»

«ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች እንዲታይ ነው። ከስልክ የገለበጠ ሰው ስርዝ የለውም፣ አባቴ። ራሱ ያሰበ ሰው ነው የሚሰርዘው።»

ይህች መልስ ትንሽ ጣመቻቸው፤ ግን አላሳዩም። «ድንበሩስ? ድንበሩን ምን አገባሽ?»

«እኔን አያገባኝም። ያልኩት ስለምታውቂው ነገር ጻፊ ነው። እሷ ደግሞ "መሬታችን ሰፊና ውብ ነው፣ ድንበራችን ባሕር ዛፉ ነው" አለች።»

«ባሕር ዛፉ?» ኦቦ ሞቱማ ጮኹ። «ባሕር ዛፉን ትናንት የተከልኩት እኔ አይደለሁም? ድንበሩ ከሱ ወዲያ ያለው የተሰነጠቀው ጥቁር ድንጋይ...» ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አየሽ! አወጣሽብኝ!»

መምህርቷ ባዶ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው። «እስክሪብቶ አልያዝኩም። እኔ ነገ እረሳዋለሁ። ጂጂ ግን አታውቀውም፣ አባቴ። ከሰው ሲደብቁት ከሷም ደብቀውታል። ክፉ አይንካዎትና፣ ከእርስዎ በኋላ ማን ያውቀዋል?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወደ ሽማግሌው ልብ የመጣው ጎረቤታቸው ቦጂያ ነው። ሃያ ዓመት አብረው ያረሱ፣ አብረው ያጨዱ ሰዎች ነበሩ። አንድ ክረምት ቦጂያ ከብቱን የሚያሰማራበት ሲያጣ ኦቦ ሞቱማ ሳር መሬት አዋሱትና፣ ለወጉ ያህል ወረቀት ተጻፈ። «ከወንዙ አጠገብ ያለውን ቦታ» ይላል ወረቀቱ። ከየት እስከ የት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አይልም። ኦቦ ሞቱማም ሳያስነብቡ አውራ ጣታቸውን አኖሩበት። በኋላ ቦጂያ ሰጥተኸኛል አለ፤ እሳቸው አውሼህ ነው አሉ። ሽማግሌዎች ወረቀቱን ቢያገላብጡት ሁለቱንም እውነተኛ አደረጋቸው። ሳሩም ሄደ፣ ወዳጅነቱም ሄደ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ቢገናኙ አንዱ በአንዱ በር፣ ሌላው በሌላኛው በር ይወጣል።

ይህን ሁሉ ለመምህርቷ ነገሯት። ሲጨርሱ ድምፃቸው ወርዶ ነበር።

«ያን ቀን አንድ ሰው በቀይ "የት ነው? እስከ መቼ? ማን አለ?" ብሎ ቢጠይቀኝ ኖሮ፣» አሉ፣ «እንደ ዛሬው ደላላ ብዬ አባርረው ነበር።»

«እኔን ግን አላባረሩኝም።»

«ዝናቡ ነው ያቆየሽ፣ አትኩሪ።»

በዚህ መሐል ጂጂ በጭቃው እየሮጠች ደረሰች። ነጠላ ጫማዋ አንዱ ተበጥሷል፤ ዓይኗ ቀልቷል። «አካኮ! ደብተሬን...» መምህሯን ስታይ ደንግጣ ቆመች።

ኦቦ ሞቱማ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ሰጧት። «አጥፍቻለሁ፣ ልጄ። ያንን ወረቀት አምጪና ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። አንድ መስመር እንዳትዘልዪ።»

ጂጂ አነበበች። «ተማሪ በሰዓቱ ይገኛል።»

«ቆይ። ሰዓቱ ስንት ነው? ወረቀቱ አይልም።»

መምህርቷ ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። እውነትም አይልም። ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ «ጠዋት ሦስት ሰዓት» ብላ ጨመረችበት።

«ሌላ ሰው ያነበዋል ይላል። ልጅቱ እንዳይነበብባት የምትፈልገው ነገር ካለስ?»

«ትለየዋለች፤ አይነበብም። የሰውና የቦታ ስምም መቀየር ትችላለች።»

«እሱንም ጻፊው።»

ጻፈችው። ከዚያ በኋላ አውራ ጣታቸውን አላቀረቡም፤ እስክሪብቶውን ተቀብለው «ሞቱማ» ብለው በፊደል ጻፉ። ጊዜ ወሰደባቸው፤ ግን ሦስት ሰዓት ገና አልሞላም ነበር።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ከዚህ የመጣውን በጎ ነገር ልንገራችሁ። ቅዳሜ ዕለት ኦቦ ሞቱማ ጂጂን ይዘው ወደ ተሰነጠቀው ድንጋይ ሄዱ፤ እሷም ጠየቀች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። ኮርሱንም አለፈች። ደግሞ አንድ እሑድ ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያን ቦጂያ በሚወጣበት በር ወጡና «ወረቀታችን ነው ያጣላን፤ ልጅቱ እየጠየቀችን እንደገና እንጻፈው» አሉት። ቦጂያም መጀመሪያ በጥርጣሬ አያቸው፤ መጠርጠሩ አይፈረድበትም። ከዚያ ግን ቤቱ ወስዶ ወንበር አወጣላቸው። ጥርጣሬ ክፉ አይደለም፣ ልጆቼ፤ ጥያቄ ሆኖ ከአፍ ሲወጣ ይጠቅማል፤ በካፖርት ውስጥ ተሸሽጎ ሲዞር ነው ቤት የሚያፈርሰው። አጥርቶ የጻፈ ሰው ለራሱ ብቻ አይደለም የሚጽፈው፤ ነገ እሱ በሌለበት ለሚጠየቀው ልጅም ነው።

ያ የጂጂ ጽሑፍ ዛሬም ሳጥናቸው ውስጥ አለ፣ ከነስርዙ። «ይህን ማን ነገረሽ?» ከሚለው ቀይ ጥያቄ ሥር በሰማያዊ እንዲህ ተብሎ ተመልሷል፦ «አያቴ ነገረኝ፤ ድንጋዩ ላይ ቆሞ።»