ገና ያልሞተችው ልጅ

ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ተማሪ የምታነበውን መጽሐፍ ከድና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ የተቀመጡት እናት ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብሽ?»

«የመጽሐፉ ልጅ ናት፣ እማማ። ሦስት ቅጽ ሙሉ ከጨካኝ መንግሥት ጋር ስትታገል ቆይታ በመጨረሻው ገደሏት።»

«ያረቢ! ዕድሜዋስ?»

«አሥራ ስድስት።»

«ወይኔ ልጄን! መቼ ነው የሞተችው?»

«ታሪኩ ገና ከመቶ ዓመት በኋላ ነው የሚሆነው።»

«ከመቶ ዓመት በኋላ? እንግዲያው ገና አልተወለደችማ!»

«አልተወለደችም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ጊዜ አለን! አንተ ሹፌር፣ ዘፈኑን ዝጋው፤ ዱዓ ልናደርግ ነው።»

ሹፌሩ ዘጋው።

«አላህ ከዚያ መንግሥት ይጠብቃት!»

«አሚን!» አለ ሚኒባሱ በሙሉ።

ስሟን እንኳ ሳላውቅ እኔም እጆቼን ዘርግቼ ተገኘሁ።