ከሥሩ የተቆረጠው ፎቶ

ካኮሊዬ፣ ነይ እዚህ ማራገቢያው ሥር ተቀመጪ። ዘንድሮ የኮልካታ ሙቀት ምነው እንዲህ ጨከነ? ሳምቡሳ ደረሰሽ? ለነገሩ ትሪው በመስኮቱ በኩል ነው የዞረው፤ እዚያ ደግሞ የምግብ ፍላጎታቸው የተባረከ አንድ ሰው አሉ... ዞረሽ አትዪ።

እንዲህ ያለ ቀን ደስ ይለኛል። ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን መዝገበ ዕውቀት በጥንት ፎቶ አንሺዎች ታሪክ ስንሞላ... አንዳንዱ ደግሞ ለቤተሰብ ፍቅር ብሎ ይመጣል። ነውር ነው እንዴ? ቅድመ አያቱን የሚወድ ሰው ዛሬ የት ይገኛል? እኚያ የመስኮቱ ሰውዬ ለቅድመ አያታቸው «የሰፈራችን የመጀመሪያው ፎቶ አንሺ» ብለው ጻፉላቸው። ራሳቸውን በራሳቸው ያነሱትንም ፎቶ ለጠፉላቸው። ሁለቱም እጆች ጉልበት ላይ፣ ካሜራው ወዲያ ማዶ... እንዴት ያለ ክንድ ነው እባክሽ?

ጥንቃቄያቸውስ ብትዪ? እኔ ሚናቲ ክረምቱን ሙሉ ለፍቼ ስለ ሄማንጊኒ ጻፍኩ፤ ወንድ ፊት የማይወጡትን ሴቶች እቤታቸው እየሄደች ፎቶ ታነሳ ስለነበረችው። እሳቸው «እንዲህ የምትባል ሴት ለመኖሯ ማስረጃ የለም» ብለው ይሰረዝ የሚል ምልክት አደረጉበት። ዛሬ ማታ ሊጠፋ ነው። አልተቀየምኩም። አንጀቴ አረረ እንጂ አልተቀየምኩም። ማስረጃ የሚወድ ሰው ይከበራል።

የድሮ ፎቶ ካርቶን ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ ያነሳው ሰው ስም ይታተምበት የለ? እሳቸው የለጠፉት ግን ከሥሩ ጎድሏል። ምስጥ በልቶት ይሆናል... ምስጥ ግን እንዲህ በማስመሪያ ነው የሚበላው?

እናልሽ፣ ቅድመ አያትየው ደግ ሰው ነበሩ። ሲያገቡ ያንኑ ፎቶ ለጎረቤቱ ሁሉ አድለዋል። ለኛም ቤት ደርሶ ነበር፤ አክስቴ አልበም ውስጥ ያለው ሙሉው ነው። ከሥሩ ምን ይላል መሰለሽ? «ፎቶ አንሺ፣ ሄማንጊኒ»። ቅድም እሳቸው ሳምቡሳ ሲመርጡ ገጿ ላይ ለጠፍኩት። አሁን ማን ይሰርዛታል? የሳቸው ቅድመ አያት ምስክሯ ሆነው ቁጭ አሉ...

ሳቅሽን ዋጥ አድርጊው፣ ይሰማሉ። ዕድሜ ይስጣቸው እንጂ እኔ ክፉ አልመኝላቸውም። እንደሳቸው ያለ የልጅ ልጅም ይስጣቸው፤ ያልሠሩትን ሁሉ ሠርተዋል ብሎ የሚጽፍላቸው። የሠሩትን ብቻ ከጻፈማ... ልጁ ምን አጠፋ፣ ባዶ ገጽ ላይ አፍጥጦ ሊያድር?