በዓይን የሚገባ ትምህርት

ነሐሴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ መምህርት ትህትና ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ቤት ለቤት ስትመዘግብ ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ባለች መንደር በረዶ ደረሰባት። መዝገቧን በሻርፗ ጠቅልላ ወደ ቅርቡ ደጃፍ ሮጠች። ቤቱ የሼኽ ኑርሁሴን ነበር፤ የመንደሩን ልጆች ቁርኣን እያስቀሩ የሚያስተምሩ፣ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቃላቸውን የሚያከብርላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሼኽዬ። በረዶው እስኪያባራ ያስጠልሉኝ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግቢ ልጄ፣ ግቢ!»

ገብታ ዓይኗ ጨለማውን እስኪለምድ ቆመች። ከዚያ ያየችው ነገር እጇን አፏ ላይ አስጫናት። ምሰሶው ሥር አንዲት የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ ወገቧን በገመድ ታስራ ተቀምጣለች። ገመዱ ከመታከኩ ብዛት ቀሚሷን በልቶታል።

«ምን ጉድ ነው ይኼ?» አለች፤ አክብሮቱም ጠፍቶባት። «ሰው እንደ ጥጃ ይታሰራል? ያውም በእርስዎ ቤት!»

ሼኹ አልተቆጡም። «የልጅ ልጄ ሰልሰቢል ናት። ጆሮዋ አይሰማም፤ አንደበቷም አልተፈታ። አምና መንገድ ዳር ስትጫወት የጭነት መኪና ጡሩንባውን እየነፋ መጣባት፤ ዘወርም አላለች። ሾፌሩ ባይጠመዝዘው ዛሬ የለችም። እናቷ ገበያ ስትወጣ፣ እኔም ሳስቀራ፣ ምን ላድርጋት?»

«ትምህርት ቤት ያምጧታ!»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት።

«አምጥቻት ነበርኮ። የዛሬ ሁለት ዓመት እጇን ይዤ መጣሁ። አንዲት መምህርት በር ላይ ቆማ፣ ‹ሰባ ልጅ አለብኝ፤ ለማትሰማ ልጅ ምን ብዬ አስተምራለሁ? ወደ ትልቅ ከተማ ይውሰዷት› አለችኝ። መምህርቷ አንቺ ነበርሽ፣ ልጄ።»

ትህትና ያን ቀን አታስታውሰውም። ይበልጥ ያስደነገጣትም ይኸው ነበር፤ ይህችን ልጅ ምሰሶ ሥር ያስቀረ ቃል ከአፏ ወጥቶ፣ እሷ ረስታው ኖራለች።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ። ያልሽው እውነት መስሎኝ ነው የተመለስሁት። አርባ ዓመት ያስቀራሁት በድምፅ ነው። ትምህርት በጆሮ ካልገባ በምን ይገባል?»

«በዓይን ይገባላ፣ ሼኽዬ።»

«ቃል በዓይን?»

እርግጠኛ አልነበረችም። ቢሆንም ወረቀት አውጥታ ከልጅቷ ፊት ተንበረከከች። ከበረዶው ሸሽታ የገባች ዶሮ ጥግ ቆማ ነበር፤ ወደ እሷ ጠቁማ «ዶሮ» ብላ ጻፈች። ቀጥላ ጫማዋን አሳይታ «ጫማ» ብላ ጻፈች። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገመችና «ጫማ» የሚለውን ብቻ አሳየቻት። ልጅቷ ጫማውን ነካች።

«እንደው በአጋጣሚ ይሆናል» አሉ ሼኹ።

ትህትና «ዶሮ» የሚለውን አሳየቻት። ዶሮዋ በዚህ መሃል ወደ በሩ ሄዳለች። ሰልሰቢል ብድግ ብላ ልትይዛት ሮጠች፤ ገመዱ ግን መሃል መንገድ ላይ መልሶ ጣላት።

«ያ ረቢ!» አሉ ሼኹ። ቋጠሮውን መፍታት ያዙ። «እንደማትሰማ አውቄ፣ እንደምታስብ ሳላውቅ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ!»

ፈትተው አቀፏት። ጥቂት ቆይቶ ግን ሥጋታቸው ተመለሰ።

«ልጆቹ ቢስቁባትስ?»

«መጀመሪያ ይስቁ ይሆናል። አብረዋት ሲውሉ ይተዉታል። ቤት ከዘጋንባት ግን እሷም ሰው አትለምድ፣ ሰውም እሷን አይለምድ።»

«መኪናውስ?»

«ግራና ቀኝ አይቶ መሻገርም ትምህርት ነው፣ ሼኽዬ።»

መስከረም ላይ ሰልሰቢል ትምህርት ቤት ስትገባ፣ ርእሰ መምህሩ አቶ አምባቸው «ሰባውን ትታ ለአንዷ ልትለፋ ነው» ብለው ሠግተው ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። ትህትና ሰልሰቢል አፏን እንድታይ ስትል ጀርባዋን ሰጥታ ማውራት ተወች፤ የምትናገረውን ሁሉ በሥዕልና በጽሑፍ ማሳየት ጀመረች። በዚህም ከኋላ ተቀምጠው ዓመቱን ሙሉ ምንም የማይገባቸው ልጆች ማንበብ ቻሉ። አጠገቧ የምትቀመጠው ሩፋይዳ በእጅ ምልክት ማውራት ለመደች፤ ከእሷ ክፍሉ ሁሉ ለመደ። ክረምት ሲመጣ ትህትና የምልክት ቋንቋ ሠለጠነች። ሰልሰቢልም ከሰባ አንድ ልጅ ዘጠነኛ ወጣች።

በዚያው ክረምት መጨረሻ፣ በጳጉሜን አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሼኽ ኑርሁሴን መስጊድ ውስጥ ተነሥተው ቆሙ።

«ዕውቀት ፈልጎ የመጣን ዓይነ ስውር ፊት ስለመንሳት በቁርኣን የወረደውን ተግሣጽ ልጆቻችሁን ስንት ጊዜ አስቀርቻለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን የልጄን ልጅ በገመድ አስሬ ነበር። ዛሬ ደብዳቤ ታነብልኛለች። አላህ የሰጣችሁን ልጅ አትደብቁ፤ አውጡት፣ ይማር።»

ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ተበተነ።

ሰኞ ጠዋት ምዝገባ ሲጀመር በትምህርት ቤቱ በር ላይ አሥራ አንድ ልጆች ተሰልፈው ነበር። ሁለቱን ወንድሞቻቸው ይመሯቸዋል፤ አንዱ በዱላ ተደግፎ ቆሟል። አቶ አምባቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው።

«እነዚህ ሁሉ ከየት መጡ?»

ትህትና መዝገቧን ገለጠች። ስድስት ዓመት በዚያ መንደር ስትመላለስ አንዳቸውንም አላየችም። ከሰልፉ ፊት ዘሊካ የምትባል ሴት እግሩ የማይታዘዝለትን የስምንት ዓመት ልጇን አዝላ ቆማለች፤ ጎረቤቶቿ እንኳ ልጅ እንዳላት አያውቁም ነበር።

«ስሙ ማን ይባላል?» አለች ትህትና፣ እስክሪብቶዋን አንሥታ።

«ሳቢር!» አለች ዘሊካ፣ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብላ።